የፒየር ኩሪ ተማሪ፣ የሉዊ ደ ብሮይ መምህር
ስለ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ስለ ፖል ላንዥቬን የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ ታሪኩን የምነግራችሁ ሰው የኖቤል ሽልማት አላገኘም። መምህሩ ፒየር ኩሪ ግን አግኝቷል። የዕድሜ ልክ ወዳጁ ዣን ፔረን አግኝቷል። የዶክትሬት ጽሑፉን ከመረመሩለት ፈታኞች አንዱ ሆኖ የተቀመጠለት ሉዊ ደ ብሮይ አግኝቷል። ከራሱ ትምህርት ቤት መርጦ ወደ ማሪ ኩሪ የላከው ወጣት፣ ፍሬዴሪክ ዦልዮም አግኝቷል። የሳይንስን ታሪክ በተሸላሚዎች ስም ብቻ ስንማር እንዲህ ያለው ሰው ከመካከል ይወድቃል። በዚህ ንግግር ላሳያችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ፖል ላንዥቬን ታላቅ ሳይንቲስት የሆነው ከመምህርነቱ በተረፈው ጊዜ አይደለም፣ በመምህርነቱ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ላንዥቬን ጃንዋሪ 23 ቀን 1872 በፓሪስ፣ ሞንማርትር በሚባለው ሠፈር ተወለደ። አባቱ የግንባታ ሥራ እየለካ ሒሳብ የሚያወጣ ባለሙያ ነበር፤ ሀብታም ቤተሰብ አልነበረም። ፈረንሳይ በፕሩሲያ ከተሸነፈች፣ የፓሪስ ኮምዩን የተባለው የሕዝብ አመፅም በደም ከታፈነ ገና ዓመት አልሞላም። ያ ሽንፈት በዚህ ልጅ ሕይወት ውስጥ ያልታሰበ በር ከፈተ። ፈረንሳይ አልዛስን ለጀርመን ስታስረክብ የሙሉዝ ከተማን ዝነኛ የኬሚስትሪ ትምህርት ቤትም አብራ አጣች። ይህን ክፍተት ለመሙላት የፓሪስ ማዘጋጃ ቤት በ1882 የራሱን የኢንዱስትሪ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ተማሪዎቹ አብዛኛውን ሰዓታቸውን በቤተ ሙከራ ያሳልፉ ነበር፤ ይህ በዘመኑ ፈረንሳይ ያልተለመደ ነገር ነው።

ላንዥቬን በ1888፣ በ16 ዓመቱ፣ ወደዚህ ትምህርት ቤት ገባ። በቤተ ሙከራው የሙከራ ሥራ የሚመራው ፒየር ኩሪ ነበር። ኩሪ ያን ጊዜ የ29 ዓመት ሰው ነው፤ ዶክትሬት የለውም፣ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ከፓሪስ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ብቻ ነው። ነገር ግን አስቀድሞ አንድ ትልቅ ግኝት በእጁ ነበር። በ1880 ከወንድሙ ከዣክ ጋር ሆኖ፣ እንደ ኳርትዝ ያለ ማዕድን ሲጨመቅ በገጾቹ ላይ የኤሌክትሪክ ሙል እንደሚወጣ አሳይቷል። ይህን ግኝት በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ፣ በጦርነት ጊዜ፣ ተማሪው ያነሣዋል።

መሐንዲስ ሊሆን የገባውን ልጅ ወደ ምርምርና ወደ ማስተማር የሳበው ይህ ዝምተኛ ሰው ነው። ላንዥቬን ከዚያ ወጥቶ፣ የአንድ ዓመት የውትድርና ግዴታውን ጨርሶ፣ በ1894 የፈረንሳይ መምህራንና ሊቃውንት ወደሚፈሩበት ወደ ኤኮል ኖርማል ሱፔርየር ገባ። በ1897 በብሔራዊው የመምህርነት ፈተና አንደኛ ወጣ። ከዚያም ለአንድ ዓመት ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ኬምብሪጅ ተላከ። ጊዜው እንዴት ያለ ጊዜ እንደነበር አስቡ፤ የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን ለዓለም ያስታወቀው በዚያው በ1897 ነው። ከኒውዚላንድ የመጣው ኧርነስት ራዘርፎርድ በዚያው ቤት ይሠራ ነበር፤ ከላንዥቬን ጋር የጀመሩት ወዳጅነትም እስከ ራዘርፎርድ ሞት ድረስ ቆየ። ላንዥቬን ወደ ፓሪስ ሲመለስ የያዘው ርእስ በኤሌክትሪክ የተሞሉ የጋዝ ቅንጣቶች ጉዳይ ነበር፤ በ1902 ዶክትሬቱን ያገኘው በዚህ ነው።

በዚያው ዓመት በኮሌዥ ደ ፍራንስ ተተኪ ሆኖ ማስተማር ጀመረ፤ በ1909 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ። ይህን ተቋም በጥቂቱ ላስተዋውቃችሁ፤ ከዚህ አዳራሽ ጋር ይመሳሰላልና። ኮሌዥ ደ ፍራንስ በ1530 የተመሠረተ ነው። ተማሪ አይመዘግብም፣ አይፈትንም፣ ዲግሪ አይሰጥም። የፈለገ ሰው ሁሉ በነፃ ገብቶ ይሰማል። ፕሮፌሰሩ ደግሞ ያለቀለትንና በመጽሐፍ የታተመውን ትምህርት እንዲደግም ሳይሆን፣ እየተሠራ ያለውን ሳይንስ ከነትኩሱ እንዲያቀርብ ይጠበቅበታል። ላንዥቬን ለዚህ ቦታ የተፈጠረ ሰው ነበር። አንድ አዲስ ሐሳብ ከበርሊን ወይም ከላይደን እንደተሰማ፣ ወስዶ በራሱ መንገድ እንደገና ያወጣዋል፤ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞም ከሥሩ ጀምሮ ይገነባዋል። የፈረንሳይ ወጣት ፊዚሲስቶች የአንጻራዊነትንና የኳንተምን ትምህርት በብዛት የሰሙት ከእሱ አንደበት ነው።

በ1905 አካባቢ ደግሞ ፒየር ኩሪ ወደ ሶርቦን ሲዛወር፣ በቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ወንበሩን የተረከበው ላንዥቬን ሆነ። ማሪ ኩሪ ታስተምርበት በነበረው፣ ለሴት ተማሪዎች መምህራት በሚያሠለጥነው የሴቭር ትምህርት ቤትም እሷን ተክቶ አስተማረ። ይህንን እንደ ትርፍ ሥራ አትቁጠሩት። በፈረንሳይ ለልጃገረዶች የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሕግ የተከፈተው በ1880 ነው፤ የሴቭር ተመራቂዎች በየአውራጃው ሄደው ፊዚክስን ለልጃገረዶች ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማሩ ሴቶች ናቸው።

ከዚህም በታች ወርዶ ልጆችን አስተምሯል። በ1907 ገደማ ማሪ ኩሪ፣ ፔረን፣ ላንዥቬንና ሌሎች ጥቂት ወዳጆች የልጆቻቸው ትምህርት በሽምደዳ የተሞላ መሆኑ አሳስቧቸው፣ አሥር ያህል ልጆችን ሰብስበው ራሳቸው ማስተማር ጀመሩ። ኬሚስትሪውን ፔረን፣ ፊዚክሱን ማሪ ኩሪ፣ ሒሳቡን ላንዥቬን ያዙ። ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። ከእነዚያ ልጆች አንዷ ኢሬን ኩሪ ነበረች፤ በ1935 ከባሏ ከፍሬዴሪክ ዦልዮ ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበለችው።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንግባ። ሦስት ሥራዎቹን ብቻ አነሣለሁ።

የመጀመሪያው የመግነጢስ ጉዳይ ነው። ፒየር ኩሪ በ1895 በዶክትሬት ጽሑፉ አንድ ሕግ አስቀምጦ ነበር። እንደ ኦክስጅን ያሉ አንዳንድ ነገሮች በማግኔት በጥቂቱ ይሳባሉ፤ ሙቀታቸው በጨመረ ቁጥር ግን ስበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፍጹም ሙቀቱ እጥፍ ሲሆን መግነጢሱ በግማሽ ይወርዳል። ኩሪ ይህን ለካ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልተናገረም። ተማሪው በ1905 መልሱን አመጣ። እያንዳንዱ ሞለኪውል በራሱ ትንሽ ማግኔት ነው እንበል አለ። በጥምቀት ዕለት ታቦቱ ሲያልፍ ሕዝቡ ሁሉ ፊቱን ወደዚያ ማዞር ይሻል፤ ግፊያው ግን አንዱን ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ ያዞረዋል። ግፊያው በበረታ መጠን ወደ ታቦቱ የዞረው ፊት ቁጥር ያንሳል። ውጫዊው ማግኔት ሞለኪውሎቹን ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠራቸዋል፤ ሙቀት የሚባለው ግፊያ ደግሞ ያበታትናቸዋል። ላንዥቬን የሁለቱን ትግል በሒሳብ ሲያሰላ፣ የመምህሩ ሕግ ራሱ ከስሌቱ ውስጥ ወጣ። ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው የመግነጢስ ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ስሌት ነው፤ ቀመሩም የላንዥቬን ፈንክሽን ይባላል። ፒየር ኩሪ ይህን ካየ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ኤፕሪል 19 ቀን 1906 በፓሪስ ጎዳና ላይ በፈረስ ጋሪ ተገጭቶ ሞተ።

ሁለተኛው ሥራ አራት ገጽ ብቻ ነው፤ በ1908 የታተመ። ውሃ ውስጥ የተንሳፈፈ የአበባ ዱቄት ብናኝ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ያለ ዕረፍት ይርገበገባል። አንስታይን በ1905 ይህ የሆነው የማይታዩት የውሃ ሞለኪውሎች ብናኙን ከየአቅጣጫው ስለሚመቱት ነው ብሎ፣ ብናኙ በጊዜ ብዛት ምን ያህል እንደሚርቅ አስልቶ ነበር። ስሌቱ ከባድ ነው። ላንዥቬን በጣም ቀላል መንገድ አገኘ። የኒውተንን የእንቅስቃሴ ሕግ ወሰደና ሁለት ኃይሎችን ጻፈበት፤ አንደኛው ብናኙን የሚያዘገየው የውሃው ሰበቃ ነው፣ ሁለተኛው አቅጣጫው የማይታወቅ የድንገተኛ ምት ኃይል። ከዚያም በብዙ ብናኞች ላይ አማካዩን ወሰደ። የአንስታይን ውጤት በጥቂት መስመር ወጣ። በሒሳብ እኩልታ ውስጥ አጋጣሚን እንደ አንድ ኃይል ጽፎ ማስላት ያኔ አዲስ ነገር ነበር። ዛሬ የላንዥቬን እኩልታ ከፊዚክስ አልፎ በኬሚስትሪና በሕያው ሴል ጥናት፣ የገበያ ዋጋን ውጣ ውረድ በሚያሰሉ ሰዎችም ዘንድ ይሠራበታል። እኔ ይህን ጽሑፍ ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ተማሪዎቹ ፊት የቆመ መምህር ነው፤ ነገሩ በአጭሩ እስኪገባቸው ድረስ መንገዱን የሚያቃና።

ሦስተኛው የባሕር ሥራ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የእያንዳንዳችሁን ቤት የነካ ነውና። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የተባባሪዎቹን መርከቦች እያሰጠሙ ነበር። ውሃ ውስጥ ብርሃን ሩቅ አይሄድም፤ የሬዲዮ ሞገድም ወዲያው ይሞታል። ሩቅ የሚጓዘው ድምፅ ነው፤ በባሕር ውሃ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይበርራል። በ1915 ኮንስታንቲን ሺሎቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ መሐንዲስ፣ ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን በመስማት ሰርጓጁን ማግኘት ይቻላል የሚል ሐሳብ ለፈረንሳይ መንግሥት አቀረበ። ጉዳዩ ወደ ላንዥቬን መጣ። ሙከራው በትምህርት ቤቱ ተጀመረ፣ ከዚያ በሴን ወንዝ ላይ፣ በመጨረሻም በቱሎን የባሕር ኃይል ወደብ ቀጠለ።

ችግሩ ሁለት ነበር። ተራ ድምፅ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ማሚቶው ከየት እንደመጣ አይለይም። ድምፁ እንደ መብራት ጨረር ተሰብስቦ እንዲሄድ ሞገዱ አጭር መሆን አለበት፤ ይህም ማለት የሰው ጆሮ ከሚሰማው በላይ በሰከንድ አሥር ሺዎች ጊዜ የሚርገበገብ መሆን አለበት። በሰከንድ 40,000 ጊዜ ከተርገበገበ በውሃ ውስጥ የሞገዱ ርዝመት ከ4 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ታዲያ ውሃን በዚህ ፍጥነት የሚያንቀጠቅጥ፣ ተመልሶ የሚመጣውንም ደካማ ማሚቶ የሚሰማ ምን መሣሪያ አለ?

ላንዥቬን የመምህሩን ኳርትዝ አስታወሰ። ኳርትዝ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ በተቃራኒው ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ይለጠጣል፣ ይጨመቃል። አንዱ ቁራጭ ድንጋይ አፍም ጆሮም ሆነ። የኳርትዝ ገበታ በሁለት የብረት ሳህኖች መካከል አጣብቆ ሠራው። ማሚቶውን ለማጉላት የፈረንሳይ ወታደራዊ ቴሌግራፍ ክፍል ያሻሻላቸውን የሬዲዮ ቱቦዎች ተጠቀመ። በ1918 ከውሃ በታች ካለ ሰርጓጅ መርከብ የተመለሰ ማሚቶ ተሰማ። ስሌቱ ልጅ የሚሠራው ነው፤ ድምፁ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ከወሰደበት፣ ሰርጓጁ በ1,500 ሜትር ርቀት ላይ አለ። ጦርነቱ መሣሪያው በሰፊው ሥራ ላይ ሳይውል በዚያው ዓመት አበቃ። ከዚያ በኋላ ግን መርከቦች የባሕርን ጥልቀት የሚለኩበት፣ ዓሣ አጥማጆች የዓሣ መንጋ የሚያገኙበት ጥበብ ከዚህ ተወለደ። ነፍሰ ጡር እናት ጤና ጣቢያ ሄዳ በአልትራሳውንድ የልጇን ልብ ምት ስታይ፣ መሣሪያው የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚንቀጠቀጥ ቁስ ድምፅ ይልካል፣ ማሚቶውንም ያነባል። በ1880 ሁለት ወንድማማቾች የትም አይደርስም የተባለ ድንጋይ ሲጨምቁ ማንም ይህን አላሰበም።

ኩሪ ለካ፣ ላንዥቬን ገለጠ፤ ኩሪ አገኘ፣ ላንዥቬን ሥራ ላይ አዋለ። መምህር ለተማሪው ትቶለት የሚሄደው ነገር ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ስለ 1911 ደግሞ ልናገር። በዚያ ዓመት ኤፕሪል ላይ በጣሊያን ቦሎኛ በተደረገ የፈላስፎች ጉባኤ ላንዥቬን ስለ ጠፈርና ጊዜ ንግግር አደረገ። አድማጮቹ ፊዚሲስቶች አልነበሩም፤ የአንስታይንን ሐሳብ ያለ ሒሳብ ማስረዳት ነበረበት። ስለዚህ አንድ መንገደኛ አሰበላቸው። መንገደኛው ከብርሃን ፍጥነት ሃያ ሺህኛ እጅ ብቻ በሚያንስ ፍጥነት ከምድር ይወጣል። በራሱ ሰዓት አንድ ዓመት ይሄዳል፣ ዞሮ አንድ ዓመት ይመለሳል። ሲደርስ እሱ የጨመረው ሁለት ዓመት ነው፤ ምድር ግን ሁለት መቶ ዓመት አርጅታ ትጠብቀዋለች። ይህ ምሳሌ በኋላ የመንትዮቹ እንቆቅልሽ ተብሎ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። ዛሬ አንጻራዊነትን የሚማር ሰው ሁሉ ይሰማዋል፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ምሳሌው የተወለደው ፊዚክስ ላልተማረ ሰው ለማስረዳት ከተደረገ ጥረት ነው፤ ሊቃውንቱም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የፓሪስ ጋዜጦች የላንዥቬንንና ባሏ የሞተባትን የማሪ ኩሪን የግል ደብዳቤዎች አወጡ። ላንዥቬን ባለ ትዳር ነበር፤ ትዳሩም በሰላም አልነበረም። አንዱን ጋዜጠኛ በሽጉጥ ሊገጥመው ወጣ፤ ጥይት ሳይተኮስ ተመለሱ። ከሁለቱ የባሰው ዱላ ያረፈው በሴቲቱ፣ ያውም በውጭ አገር ተወላጅነቷ ላይ ነበር፤ ይህን የጋዜጦቹን ነውር እላለሁ። ከዓመታት በኋላ የላንዥቬን የልጅ ልጅና የማሪ ኩሪ የልጅ ልጅ፣ ሁለቱም ፊዚሲስቶች፣ ተጋቡ።

ከጦርነቱ በኋላ ጀርመንና ፈረንሳይ በሳይንስ ስም እንኳ ለመነጋገር የማይፈልጉበት ዘመን መጣ። ላንዥቬን በ1922 አንስታይንን ወደ ኮሌዥ ደ ፍራንስ ጋበዘው። በርሊን የሚኖር ሰው ፓሪስ ላይ ይናገር? ተቃውሞው ከሁለቱም አገር ተነሣ። ላንዥቬን እስከ ድንበር ሄዶ ተቀበለው፣ በየስብሰባው አጠገቡ ነበር። አንስታይን ከመመለሱ በፊት በጦርነቱ የፈረሱትን ከተሞች እንዲያይ ወሰዱት። ከዚህ ጉብኝት በኋላ ስለ አንጻራዊነት ፈረንሳይ ውስጥ በግልጽ መነጋገር ተቻለ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ የሆነውን ደግሞ ስሙ። ሉዊ ደ ብሮይ የሚባል የመሳፍንት ዘር፣ በኮሌዥ ደ ፍራንስ የላንዥቬን አድማጭ የነበረ፣ በ1924 እንግዳ የሆነ የዶክትሬት ጽሑፍ ይዞ መጣ። ብርሃን ሞገድም ቅንጣትም ከሆነ፣ ኤሌክትሮንም ሞገድ አለው ይላል። በሙከራ የተረጋገጠ ምንም የለም። ፈታኝ ምን ያደርጋል? ብዙ ፈታኝ ለራሱ ስም ሲል ይመልሰዋል፣ ወይም ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ላንዥቬን ግራ ቢገባውም ጽሑፉን ወደ አንስታይን ላከው። አንስታይን እጅግ አደነቀው፤ በራሱ ሥራ ላይም ጠቀሰው። ኤርቪን ሽሮዲንገር ያን አይቶ በ1926 የሞገድ ሜካኒክስን እኩልታ አወጣ። በ1927 ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ ሲበተን በቤተ ሙከራ ታየ፤ በ1929 ደ ብሮይ ተሸለመ። የዚህ ሁሉ መካከለኛ አንድ መምህር ነው፤ ያልገባውን የተማሪ ሐሳብ ሳይጥል፣ የተሻለ ወደሚያውቅ ሰው የላከ።

ዦልዮም እንዲሁ ነው። ከታላላቆቹ ትምህርት ቤቶች አልወጣም ተብሎ ሊናቅ የሚችለውን የከተማ ትምህርት ቤት ምሩቅ፣ ለማሪ ኩሪ ይህን ልጅ ውሰጂ ብሎ የመከራት ላንዥቬን ነው።

የማዝንበትን ነገርም ልናገር። ላንዥቬን ብዙ አልጻፈም። በኮሌዥ ደ ፍራንስ ለዓመታት የሰጣቸው ትምህርቶች በአብዛኛው አልታተሙም፤ በከፊል የምናውቃቸው ከሰሙት ሰዎች ማስታወሻና ትዝታ ነው። አንስታይን ላንዥቬን ሲሞት ሲጽፍ፣ የልዩ አንጻራዊነትን ንድፈ ሐሳብ ሌላ ሰው ባይቀድመው ኖሮ እሱ ያወጣው እንደነበር አይጠራጠርም ብሏል። አንዳንዶች ብዙ አለመጻፉን ከስንፍና ይቆጥሩታል። እኔ አልስማማም፤ ሐሳቡን ለሚሰሙት ሰዎች ሰጥቶ ለወረቀቱ የተረፈው ጊዜ አነሰ። ለእኛ ግን ጉዳት ነው።

በትምህርት ላይ ያለው አቋም ግልጽ ነበር። በ1904 ስለ ሳይንስ ትምህርት መንፈስ፣ በ1926 ደግሞ የሳይንስ ታሪክ ለትምህርት ስለሚሰጠው ጥቅም ተናግሯል። ሳይንስን ያለቀ፣ የማይነካ ዶግማ አድርጎ ማስተማር ይገድለዋል ይላል፤ ተማሪው ሰዎች እንዴት እንደተሳሳቱ፣ እንዴት እንደታገሉ፣ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ሲያይ ብቻ ሳይንስ ሕያው ይሆናል። በ1931 የመንግሥታቱ ማኅበር የቻይናን ትምህርት እንዲያጠኑ ከላካቸው አራት ባለሙያዎች አንዱ ሆኖ ሄደ። የቻይናን ፊዚሲስቶች በማኅበር ተደራጁ ብሎ መከራቸው፤ ማኅበራቸው በማግስቱ ዓመት በ1932 ተመሠረተ።

አሁን ወደ እኛ አገር የሚያደርስ አንድ ነጥብ አለ። በ1934 ፋሺዝም በፈረንሳይ ራሷ ጎዳናዎች ላይ ሲታይ፣ የሥነ ሰብእ ሊቁ ፖል ሪቬ፣ አለን በሚባል የብዕር ስም የሚታወቀው ፈላስፋና ላንዥቬን በፋሺዝም ላይ የሚነቃ የምሁራን ኮሚቴ በስማቸው አቋቋሙ። በኦክቶበር 1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን በወረረ ማግሥት፣ በርካታ የፈረንሳይ ደራስያንና ምሁራን የምዕራቡን ሥልጣኔ እንከላከል በሚል መግለጫ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ እንዳይጣል ጠየቁ፤ አገራችንንም በንቀት ጠቀሱ። ላንዥቬን የነበረበት ኮሚቴ በተቃራኒው ሰልፍ ቆመ። አባቶቻችን በማይጨው ብቻቸውን የቆሙ በመሰላቸው ጊዜ፣ በፓሪስ ወረራውን የሚቃወሙ ሰዎች እንደነበሩ ማወቅ ይገባናል።

የፋሺዝም መከራ ወደ ራሱም ቤት መጣ። ጀርመኖች ፓሪስን ከያዙ በኋላ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1940፣ የ68 ዓመቱን ሽማግሌ አሰሩት። ኖቬምበር 8 ትምህርቱ ሊጀመር በነበረበት ቀን ተማሪዎች በኮሌዥ ደ ፍራንስ ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ በሦስተኛው ቀን፣ ኖቬምበር 11፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የፓሪስ ወጣቶች በአደባባይ ወራሪውን ተቃወሙ። ላንዥቬን ከወህኒ ወጥቶ በትሯ ከተማ በቁም እስር ተቀመጠ። እዚያም ስለ ኒውትሮን ግጭት ማስላቱን አላቋረጠም። የልጁ ባል፣ ፊዚሲስቱ ዣክ ሶሎሞን፣ የውስጥ አርበኛ ነበርና በሜይ 1942 በጥይት ተገደለ። ልጁ ኤሌን በጃንዋሪ 1943 ወደ አውሽቪትስ ተጋዘች፤ በሕይወት ተመለሰች። እሱ ራሱ በሜይ 1944 የውስጥ አርበኞች ረድተውት ድንበር ተሻግሮ ስዊዘርላንድ ገባ።

ፓሪስ ነፃ ስትወጣ ተመልሶ የጠየቀው ዕረፍት አልነበረም። በኖቬምበር 1944 የፈረንሳይን ትምህርት የሚያሻሽል ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው እሱ ሆነ። የኮሚሽኑ ሐሳብ ዛሬም ደፋር ነው። የመጀመሪያው መርሕ ፍትሕ ነው፤ ማንኛውም ልጅ፣ የአባቱ ገቢ ምንም ይሁን፣ ችሎታው እስከሚያደርሰው ድረስ ይማር። ትምህርት እስከ 18 ዓመት ግዴታ ይሁን። የእጅ ሥራና የአእምሮ ሥራ እኩል ክብር ይሰጣቸው። ትምህርት ቤት ጥቂቶችን ለማጣራት ሳይሆን ሕዝቡን በሙሉ ከፍ ለማድረግ ይሥራ። ላንዥቬን ሥራው ሳያልቅ ዲሴምበር 19 ቀን 1946 ሞተ፤ የሥነ ልቡና ሊቁ አንሪ ቫሎን ተረክቦ በ1947 ሪፖርቱን አስረከበ። መንግሥት በሙሉ አልፈጸመውም፤ የግዴታው ትምህርት እስከ 16 ዓመት እንኳ ከፍ ያለው በ1959 ነው። ይሁንና ከዚያ ወዲህ በፈረንሳይ ስለ ትምህርት በተደረጉ ክርክሮች የላንዥቬንና የቫሎን ዕቅድ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። በኖቬምበር 1948 ላንዥቬንና ወዳጁ ፔረን በአንድ ቀን በፓንቴዎን፣ በፈረንሳይ የታላላቅ ሰዎች መካነ መቃብር፣ አረፉ።

ክቡራትና ክቡራን፣ አንድ ጥያቄ አቅርቤ ልጨርስ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ብዙ ያስተማሩና ጥቂት የጻፉ መምህራን ነበሩን፤ አሁንም አሉን። ከእነሱ የሰማችሁትን የጻፋችሁበት ደብተር ቤታችሁ ካለ፣ አትጣሉት፤ ስማቸውንና ዓመቱን ጽፋችሁ በአቅራቢያችሁ ላለ ቤተ መጻሕፍት ስጡት። መምህራንም የምታስተምሩበትን ማስታወሻ ለተማሪዎቻችሁ አስቀምጡላቸው።